ከጸሎት ቤት ደጃፍ ወዲህና ወዲያ፦ የአሜሪካ ጎስፔል አመጣጥና ተጽዕኖ



ስለ አሜሪካ ጥቁሮች መዝሙር ብዙዎቻችን የምናውቀው ታሪክ አጭርና ልብ የሚነካ ነው። ባሪያዎች ጥጥ እየለቀሙ አንጎራጎሩ፣ እንጉርጉሮው ጸሎት ቤት ገባ፣ ከዚያም ወጥቶ ዓለምን ዞረ ይባላል። ታሪኩ ሐሰት የለበትም፤ ዋናውን ምዕራፍ ግን ዘሎታል። ዛሬ ጎስፔል የምንለው ሙዚቃ የተወለደው ባርነት በሕግ ከቀረ ከስድሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1930ዎቹ፣ በቺካጎ ከተማ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አዋላጁ በየመጠጥ ቤቱና በየድግሱ ፒያኖ ሲመታ የኖረ የብሉዝ ተጫዋች ነበር። ሕፃኑን መጀመሪያ ከደጅ የመለሱት ደግሞ የጸሎት ቤት ሽማግሌዎች ራሳቸው ናቸው።

የንግግሬ መስመር ይህ ነው፤ መንፈሳዊውን ዜማ ከዓለማዊው ይለያል የተባለው አጥር በአሜሪካ ምንጊዜም በር ነበረው። ያ ምድር ለዓለም ካበረከተው ሙዚቃ ብዙው የተሠራው በዚያ በር ሲወጡና ሲገቡ በኖሩ ሰዎች ነው። ሲገቡም ተወግዘዋል፤ ሲወጡም ተወግዘዋል።

ከሥሩ እንጀምር። በእንግሊዞች ቅኝ ግዛት በቨርጂኒያ የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን ምርኮኞች ከመርከብ የወረዱት በ1619 ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ከልዩ ልዩ ሕዝብ የተውጣጡ፣ እርስ በርስ በቋንቋ የማይግባቡ ሰዎች ነበሩ። የሚያግባባቸው ነገር ቢኖር ከበሮው፣ ጭብጨባውና አውጪ ሲያወጣ ሌላው የሚቀበልበት የአዘማመር ልማድ ነበር። በ1739 በደቡብ ካሮላይና፣ በስቶኖ ወንዝ አጠገብ፣ ባሪያዎች ከበሮ እየመቱ ዐመፁ። በዓመቱ የወጣው ሕግ ከበሮ መምታትን ከለከለ። ከበሮው ሲቀማ ሥራው ወደ እጅና ወደ እግር ተላለፈ፤ የጎጆው የእንጨት ወለል በተረከዝና በመጥረጊያ እንጨት ይደለቅ ጀመር።

በዚህ ድለቃ ላይ የቆመ «ሪንግ ሻውት» የሚባል የአምልኮ ሥርዓት ነበር። ምእመናኑ ክብ ሠርተው፣ እግራቸውን ከወለሉ ብዙም ሳያነሡ እየጎተቱ ይዞራሉ፤ ዳር የቆሙት ያጨበጭባሉ፣ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ሥርዓቱ አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው፦ እግር ከእግር መጠላለፍ የለበትም። ከተጠላለፈ ጭፈራ ሆነ ማለት ነው፤ ጭፈራ ደግሞ ኃጢአት ነው። ላቡ እስኪንቆረቆር ሌሊቱን ሲዞር ያደረ ሰው እግሩን እስካላጠላለፈ ድረስ ጨፈረ አይባልም! በጆርጂያ ጠረፍ ይህን ሥርዓት ጠብቀው ያቆዩ ሰዎች ዛሬም አሉ። እኔ ደንቡን የምጠቅሰው ለፈገግታ ብቻ አይደለም። «ይሄ መዝሙር ነው ወይስ ዘፈን?» የሚለው ጥያቄ ከጎስፔል በፊት፣ ገና በባርነት ዘመን፣ በጭቃና በእንጨት ጎጆ ውስጥ ሲያከራክር እንደነበር ስለሚያሳይ ነው።

ሁለተኛው ሥር የመጣው ከነጮቹ ነው። እንግሊዛዊው አይዛክ ዋትስ በ1707 ያሳተመው የመዝሙር መጽሐፍ በአሜሪካ በጣም ተወዶ ነበር። መጽሐፉ ጥቂት፣ ማንበብ የሚችለውም ጥቂት ስለሆነ፣ አንዱ መሪ ስንኙን ፈጠን አድርጎ ይናገራል፤ ሕዝቡ ደግሞ ያንኑ ስንኝ እየጎተተ፣ እየቆነጠረ፣ እያንዳንዱ ሰው በገዛ መንገዱ እያጠማዘዘ ያዜመዋል። ቃሉ የእንግሊዝ፣ ዜማው የአፍሪካ ልጆች ሆነ። በጥቁሮቹ ባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት ይህ አዘማመር እስካሁን «ዶክተር ዋትስ» ይባላል፤ ሰውየው ቢሰማው የራሱ ነገር መሆኑን የሚያውቅ አይመስለኝም።

በዚህ መካከል ስፒሪቹዋል የተባሉት መዝሙሮች ተወለዱ። ደራሲያቸው አይታወቅም። ለሰምና ወርቅ ጆሮው ለተገራ ለእኛ ሰው የእነዚህን መዝሙሮች አሠራር ማስረዳት አያስቸግርም፤ ሰሙ ከነዓን ነው፣ ወርቁ ባርነት የሌለበት ሰሜን። ከባርነት አምልጦ ታላቅ ተናጋሪና ጸሐፊ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ ስለ ከነዓን ሲዘምሩ እርሱና ጓደኞቹ ሰሜንን ያስቡ እንደነበር በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ባሪያ ሲዘምር ደስ ብሎት ነው የሚሉትንም በብርቱ ተቃውሟል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱን መዝሙር የማምለጫ ካርታ አድርገው የሚያቀርቡ ጸሐፊዎች ያጋንናሉ ብዬ አምናለሁ። ሰዎቹ ስለ ሰማይ ሲዘምሩ ብዙ ጊዜ ስለ ሰማይ ነበር የሚዘምሩት።

ከነጻነት በኋላ ስፒሪቹዋልን ለዓለም ያሰማው ትምህርት ቤት ነው። በናሽቪል ከተማ በ1866 የተከፈተው ፊስክ ገንዘብ አልቆበት ሊዘጋ ሲደርስ፣ የገንዘብ ሹሙ ጆርጅ ኋይት በ1871 ዘጠኝ ተማሪዎች ይዞ ለልመና ኮንሰርት ወጣ። አብዛኞቹ በባርነት የተወለዱ ናቸው። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ያቀረቡት የአውሮፓን ዜማ ነበር፤ የወላጆቻቸውን መዝሙር በአደባባይ ለማዜም አልፈለጉም። የባርነት ትዝታ ነበረበት፤ ደግሞም ለእነርሱ የተቀደሰ ነገር ነው። የአውሮፓው ዜማ ግን ሰሚ አላገኘም። የእናቶቻቸውን መዝሙር ሲጀምሩ አዳራሹ ተለወጠ። በ1873 በእንግሊዝ በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘመሩ፤ ባመጡት ገንዘብ የተሠራው «ጁቢሊ ሆል» ዛሬም ቆሟል። ለኮንሰርት ሲባል ግን ድለቃው ተቀነሰ፣ ድምፁ ተስተካከለ፣ ሰውነቱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ድለቃውን መልሰው ያመጡት ድሆቹ የጴንጤቆስጤ ጉባኤዎች ናቸው። በ1906 በሎስ አንጀለስ፣ በአዙሳ ጎዳና፣ የባሮች ልጅ በሆነው በዊልያም ሲሞር መሪነት ከተቀጣጠለው መነቃቃት በኋላ ከበሮ፣ አታሞ፣ ጊታርና መለከት በየሰፈሩ ጠባብ ጸሎት ቤት ገቡ። መጽሐፍ ቅዱስ በመሣሪያ አመስግኑ ብሎ የለም ወይ ነበር መልሳቸው። ትልልቆቹ ባፕቲስትና ሜቶዲስት አብያተ ክርስቲያናት ግን አፍንጫቸውን ነፉ። በቺካጎ የነበሩት የተከበሩ ጉባኤዎች መዘምራን ካባ ለብሰው የሄንደልን ሥራ የሚያቀርቡባቸው፣ ምእመኑ ጸጥ ብሎ እንዲቀመጥ የሚመከርባቸው ነበሩ። በሌላ በኩል ከ1910ዎቹ እስከ 1970 ባለው ጊዜ ወደ ስድስት ሚሊዮን የሚሆኑ ጥቁሮች ከደቡብ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ከተሞች ፈለሱ። ከሚሲሲፒ መጥቶ በቺካጎ የሥጋ ፋብሪካ የተቀጠረ ሰው እሑድ ዕለት ጸሎት ቤት ሲሄድ የሚያውቀውን ዜማ አላገኘም።

ቶማስ ዶርሲ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። በ1899 በጆርጂያ የተወለደ የሰባኪ ልጅ ነው፤ እናቱ ኦርጋን ትመታ ነበር። በመድረክ ስሙ «ጆርጂያ ቶም» ተብሎ ታላቋን የብሉዝ ዘፋኝ ማ ሬይኒን አጅቧል፤ በ1928 ከታምፓ ሬድ ጋር ያወጣው ባለጌ ዘፈን ሸክላው እንደ ጉድ ተሸጦለታል። ይኸው ሰው መዝሙር ይጽፋል፣ የኖታውን ወረቀት ይዞ ከአንዱ ጸሎት ቤት ወደ ሌላው ይዞራል፤ ይመልሱታል። ጣቶቹ ከመጠጥ ቤት የመጡ መሆናቸው ከመጀመሪያው ቅኝት ይታወቅ ነበር። የማያፍር ሰው ነበር፤ ከታላላቆቹ አብያተ ክርስቲያናት የተባረርኩ ነኝ እያለ በኋላ ዘመኑ ሁሉ ይተርከው ነበር።

በነሐሴ 1932 ነፍሰ ጡር ሚስቱን ኔቲን ቺካጎ ትቶ ለመዝሙር ጉባኤ ወደ ሴንት ሉዊስ ሄደ። ጉባኤው ላይ እንዳለ ቴሌግራም ደረሰው፤ ኔቲ በወሊድ ሞታለች። ቤቱ ሲደርስ ሕፃኑን በሕይወት አገኘው፤ ብዙም ሳይቆይ እርሱም ሞተ። እናትና ልጅ በአንድ ሣጥን ተቀበሩ። ዶርሲ እግዚአብሔር በደለኝ ብሎ ወደ ብሉዝ ሊመለስ አስቦ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከጓደኛው ከዘማሪ ቴዎዶር ፍራይ ጋር ፒያኖ ወዳለበት ክፍል ገብቶ አንድ የቆየ የነጮች መዝሙር ሲነካካ፣ በዚያ ዜማ ላይ አዲስ ቃል መጣለት። «ፕሪሸስ ሎርድ» የተባለው መዝሙር ይህ ነው። አንድ የደከመ ሰው እጁ እንዲያዝለት የሚለምንበት መዝሙር ነው። ስለ ጠቅላላው ሕዝብ ፈተና የሚናገሩት የጥንቶቹ ስፒሪቹዋሎች ብዙዎቹ «እኛ» ማለታቸው ነው፤ የዶርሲ መዝሙር «እኔ» ይላል፣ ብሉዝም የሚለው «እኔ» ነው። ጸሎት ቤት ያስገባው ትልቁ ነገር ከምቱ ይልቅ ይህ ይመስለኛል።

ዶርሲ ፒልግሪም ባፕቲስት በተባለው የቺካጎ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን መሪ ሆኖ ለአሥርተ ዓመታት አገለገለ። ሳሊ ማርቲን የተባለች ጎበዝ ዘማሪ አብራው እየዞረች መዝሙሩን አስተማረች፤ የሂሳብ ደብተሩንም ያስተካከለችው እርሷ ናት፤ ሰውየው ገንዘቡን በመሳቢያ ውስጥ ይበትን ነበር ይባላል። አብረው ያቋቋሙት የመዘምራን ጉባኤ መዝሙሩን በመላ አገሪቱ አዳረሰው። በ1935 ለገበያ የቀረበው የሃሞንድ ኦርጋንም ረዳቸው። የቧንቧ ኦርጋን ለማስተከል አቅም ያልነበረው ጉባኤ ይህን መግዛት ቻለ። የጎስፔል ኦርጋን ተጫዋች የሰባኪውን ትንፋሽ እየተከተለ፣ ስብከቱ ወደ ዜማ ሲያዘነብል ከሥሩ ድምፅ እያነጠፈለት ይሄዳል። በየስብከቱ መጨረሻ መዘምራኑ አንዲትን ሐረግ ደጋግመው እያነሡ ጉባኤውን ያስነሣሉ።

በዚሁ በር ሁለት ሴቶች ተገናኙ፤ አንዷ ደጃፉ ላይ ተተክላ ቀረች፣ ሌላዋ ወጣች።

ማሄሊያ ጃክሰን በ1911 በኒው ኦርሊንስ ተወልዳ በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ቺካጎ ገባች። ከዶርሲ ጋር ዓመታት ሠርታለች። የብሉዝ ንግሥት የነበረችውን የቤሲ ስሚዝን ሸክላ በልጅነቷ እየሰማች ያደገች መሆኗ በድምፅዋ ይታወቃል፤ በምሽት ክበብ ዝፈኚ ስትባል ግን ዕድሜዋን ሙሉ እንቢ አለች። በ1947 የቀዳችው «ሙቭ ኦን አፕ ኤ ሊትል ሃየር» የሸክላውን ሁለቱንም ገጽ ይዟል፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደተሸጠም ይነገራል። የመዝሙሩ ደራሲ የሜምፊሱ ሰባኪ ኸርበርት ብሩስተር ነው፤ ስሙን የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሲስተር ሮዜታ ታርፕ በ1915 በአርካንሳስ ተወለደች። ከእናቷ ጋር በጴንጤቆስጤ ጉባኤዎች እየዞረች ጊታር ትመታ ነበር። በ1938 በኒው ዮርክ «ኮተን ክለብ» መዝሙር ይዛ ብቅ አለች፤ ያሳደጓት ምእመናን ክፉኛ አዘኑባት። የኤሌክትሪክ ጊታሯን አመታት የሰሙት ወጣቶች ግን ሮክ ኤንድ ሮል የሚባለውን ነገር ሠሩ። በግንቦት 1964 በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር አጠገብ አገልግሎት ባቆመ ባቡር ጣቢያ ለቴሌቪዥን ተቀርጻለች። ተመልካቹ ከሐዲዱ ማዶ ባለው መድረክ ተቀምጧል፤ ዝናብ ይዘንባል። ታርፕ በፈረስ ጋሪ መጣች፣ ረጅም ካፖርቷን እንደለበሰች ነጭ ጊታሯን አነገተች፣ ዝናቡን አይታ ስለ ኖኅ ዘመን ዝናብ የሚናገረውን መዝሙር መረጠች። ፊልሙ አለ፤ እዩት። ብዙ የእንግሊዝ ጊታር ተጫዋቾች ስለእርሷ የሚያወሩት በከንቱ አይደለም።

ከዚያ በኋላ በሩ ተበረገደ። በ1954 ሬይ ቻርልስ በመኪና ሬዲዮ የሰማውን የመዝሙር ዜማ ወስዶ ለሴት ወዳጅ የሚዘፈን አደረገው፤ ሶል የሚባለው ሙዚቃ ከዚህ ይቆጠራል። የሚገርመው የተቆጡት ጸሎተኞች ብቻ አለመሆናቸው ነው። ቢግ ቢል ብሩንዚ የተባለው ያረጀ የብሉዝ ተጫዋች ራሱ ይሄ ልጅ ሁለቱን እየደባለቀ ነው፣ ቦታው ጸሎት ቤት ነው ብሎ ተቃውሟል። «ሶል ስተረርስ» በተባለው ቡድን ይዘምር የነበረው መልከ መልካሙ ሳም ኩክ ደግሞ በ1956 ስሙን «ዴል ኩክ» ብሎ ለውጦ ዘፈን ቢያወጣ ድምፁ አሳበቀበት፤ በዓመቱ በራሱ ስም ዘፍኖ ከተወዳጅ ዘፈኖች ሰንጠረዥ አናት ወጣ።

ነጮቹስ? የደቡብ ነጮች የራሳቸው የወንጌል መዝሙር ባሕልና የአራት ሰው ቡድኖች ነበሯቸው፤ ኤልቪስ ፕሬስሊ ያደገው እነርሱንም ጥቁሮቹንም እየሰማ ነው። በጥር 1957 በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሲቀርብ ወገቡ ሲወዛወዝ እንዳይታይ ካሜራው ከወገቡ በላይ ብቻ እንዲያነሣው ተደርጓል። በዚያው ምሽት የዘመረው «ፒስ ኢን ዘ ቫሊ» የቶማስ ዶርሲ ድርሰት ነው። የግራሚ ሽልማት ያገኘባቸው ሦስቱም ሥራዎቹ መዝሙሮች ናቸው።

ይህ መዝሙር በጥቁሮቹ የመብት ትግል ውስጥ ስለነበረው ቦታ ብዙ ስለተባለ አላረዝምም። ጥቂት ክስተቶችን ብቻ ልጥቀስ። በ1959 በቴነሲ በሚገኘው ሃይላንደር ትምህርት ቤት ሰዎች ተሰብስበው ሳሉ ፖሊስ መብራት አጥፍቶ ገባ። በጨለማው ውስጥ ወጣቶቹ «ዊ ሻል ኦቨርካም» የተባለውን መዝሙር አነሡና አለመፍራታቸውን የሚናገር አዲስ ስንኝ እዚያው ጨመሩበት። መዝሙሩን የፊላደልፊያው ሰባኪ ቻርልስ ቲንድሊ በ1901 ካሳተመው ጋር የሚያዛምዱት አሉ፤ ትግሉ ውስጥ የገባው ግን በደቡብ ካሮላይና የትምባሆ ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ በኩል ነው። ነሐሴ 28 ቀን 1963 በዋሽንግተን ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲናገር ከኋላው ሆና ስለ ሕልሙ እንዲነግራቸው የጮኸችለት ማሄሊያ ጃክሰን ነበረች፤ ያዘጋጀውን ጽሑፍ ትቶ ቀጠለ። ሚያዝያ 4 ቀን 1968 በሜምፊስ ሊገደል ጥቂት ጊዜ ሲቀረው የሙዚቃ መሪውን ቤን ብራንችን የለመነው የዶርሲን «ፕሪሸስ ሎርድ» በዚያ ምሽት እንዲያሰማለት ነው። በቀብሩ ላይ ማሄሊያ ዘመረችው።

የእኛም ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። በ1808 በኒው ዮርክ በቆዳቸው ምክንያት ተለይተው መቀመጥን እንቢ ያሉ ጥቁር ምእመናን የራሳቸውን ጉባኤ ሲያቋቁሙ «አቢሲኒያን ባፕቲስት» ብለው ሰየሙት፤ ከመሥራቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ነበሩ የሚል ትውፊት አለ። በሃርለም ያለው ይህ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በመዘምራኑ የታወቀ ነው፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም በ1954 ጎብኝተውታል።

አሁን ወደ ጥር 1972 ልውሰዳችሁ። አሬታ ፍራንክሊን የዲትሮይቱ ስመ ጥር ሰባኪ ልጅ ናት፤ በዘፈን ዓለም ንግሥት ሆና ከጨረሰች በኋላ በሎስ አንጀለስ፣ ቀድሞ ሲኒማ ቤት በነበረ ጸሎት ቤት፣ ሁለት ምሽት መዝሙር ቀዳች። ፒያኖው ላይ የተቀመጠው ጄምስ ክሊቭላንድ በልጅነቱ በዶርሲ መዘምራን መካከል የዘመረ የቺካጎ ልጅ ነው። አሬታ «ፕሪሸስ ሎርድን» ስትዘምር ካሮል ኪንግ በ1971 ካወጣችው የወዳጅነት ዘፈን ጋር አያይዛ፣ መገጣጠሚያው እስኪጠፋ ድረስ አንድ አደረገቻቸው። አባቷ በሁለተኛው ምሽት ተነሥተው ልጃቸው ቤተ ክርስቲያንን ከቶ ትታ እንደማታውቅ ለጉባኤው ተናገሩ። የተቀረጸው ፊልም ምስሉና ድምፁ አልገጥም ብሎ እስከ 2018 ሳይታይ ቆየ፤ ሸክላው ግን በዚያው ዓመት ወጥቶ ከሥራዎቿ ሁሉ ይልቅ የተሸጠ አልበሟ ሆነ።

ክርክሩ አላበቃም። በ1997 የጎስፔል ሙዚቀኛው ከርክ ፍራንክሊን «ስቶምፕ» የተባለውን መዝሙር ከዳንስ ሙዚቃ ምት ጋር ሲያወጣ ዶርሲ የሰማውን ወቀሳ ሰምቷል። የወቀሱት ሰዎች ደግሞ የዶርሲን መዝሙር እንደ ጥንታዊ ቅርስ የሚጠብቁ ናቸው። የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፤ አንድ ዜማ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ለታሪክ ጸሐፊ ይጠቅማል እንጂ ቅድስናውን ለመመዘን ሚዛን አይሆንም።

ወቀሳው ዋጋ ያስከፈለውም ሰው አለ። ሮዜታ ታርፕ በ1973 ፊላደልፊያ ውስጥ ስትሞት መቃብሯ ላይ ድንጋይ አልቆመም፤ የቆመው ወዳጆቿ በ2008 በኮንሰርት ገንዘብ ካሰባሰቡ በኋላ ነው። የሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ ስሟን የጻፈው በ2018 ነው። ስለዚህ ከናንተ የምለምነው ነገር ቢኖር፣ ወደ ቤት ስትመለሱ የማንቸስተሩን ፊልም ከአሬታ በፊት ክፈቱ፤ የመዝሙር ሸክላ ወይም ፋይል ስትይዙም ከዘማሪው ስም በታች የተጻፈውን የደራሲ ስም አንብቡ።